የሴት ሆርሞን የወንድ አንጎል ሲሠራ

ለሰፊው ታዳሚ ካቀረብኩት ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። መግቢያ ማስረዘም አልወድም፤ በቀጥታ ወደ ግራ አጋቢው ነገር ልግባ። በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያለች ሴት አይጥ ውሰዱ። በቂ መጠን ያለው ኢስትራዲዮል፣ ሁላችንም «የሴት ሆርሞን» የምንለውን፣ ውጓት። ስታድግ እንዴት ያለች ሴት የምትሆን ይመስላችኋል? ከሴትም ሴት? ጭራሽ። በየጊዜው እንቁላል መልቀቅ ያቅታታል። ወንድ ሲቀርባት ወገቧን ሰበር አድርጋ አትቆምለትም። ካደገች በኋላ ቴስቶስትሮን ሲሰጣት ደግሞ እንደ ወንድ ሌሎች ሴቶች ላይ ትወጣለች። የሴት ሆርሞን ሰጥታችሁ የወንድ ጠባይ ያለው አንጎል አገኛችሁ ማለት ነው።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሐኪሞች ይህን ታውቁታላችሁና ታገሡኝ። ለሌሎቻችሁ ግን ሙከራው ቀልድ ወይም የላብራቶሪ ስህተት ሊመስላችሁ ይችላል። በተለያዩ ላብራቶሪዎች ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ምሥጢሩ ያለው አንዱን ሆርሞን ወደ ሌላው በሚቀይሩ ኢንዛይሞች ዘንድ ነው፤ ንግግሬም ስለ እነሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ስለ አይጥ ይሆናል፤ ወደ ሰው ስሻገር አስታውቃችኋለሁ። ሁለቱን ሳያስታውቁ መቀላቀል የዚህ ዘርፍ የቆየ በሽታ ነው።

ትንሽ ኬሚስትሪ። ሰውነት የፆታ ሆርሞኖችን ሁሉ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፤ ሞለኪዩሉ በየደረጃው እየተቆረጠና እየተስተካከለ ይሄዳል። ቴስቶስትሮን ላይ ሲደርስ 19 የካርቦን አተሞች ቀርተውታል። ኢስትራዲዮል 18 አለው። በሁለቱ መካከል ያለው የካርቦን ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ ያችን አንዷን ካርቦን የሚያነሣው አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። አሮማቴዝ ሥራውን በሦስት ዙር ይጨርሳል። በየዙሩ አንድ የኦክስጅን ሞለኪዩልና ኤሌክትሮን የሚያቀብል አንድ ኤንኤዲፒኤች ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ካርቦኗ ላይ ኦክስጅን ይጨምራል፤ በሦስተኛው ቆርጦ ይጥላታል። የተጣለችው ካርቦን ፎርሚክ አሲድ ሆና ትወጣለች፤ ጉንዳን ስትቆጣ የምትረጨው ያው አሲድ መሆኑ ነው። የቀረው ሞለኪዩል የመጀመሪያ ቀለበቱ ኬሚስቶች አሮማቲክ የሚሉትን ቅርጽ ይይዛል፤ የኢንዛይሙ ስም ከዚያ መጣ። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም። ኢስትራዲዮልን መልሶ ቴስቶስትሮን የሚያደርግ ኢንዛይም ሰውነት ውስጥ አይገኝም።

ሁለተኛው ኢንዛይም 5-አልፋ ሪዳክቴዝ ይባላል። የእሱ ሥራ ቀለል ያለ ነው። ከቴስቶስትሮን ላይ ምንም አይቆርጥም፤ በ4ኛውና በ5ኛው ካርቦን መካከል ያለውን ድርብ ትስስር ሃይድሮጅን ጨምሮ ነጠላ ያደርገዋል። የሚወጣው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ይባላል። ይህኛው ከአንድሮጅን (ቴስቶስትሮንን የመሰሉ «የወንድ» ሆርሞኖች) ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ከቴስቶስትሮን ይበልጥ አጥብቆ ይያያዛል፣ ቶሎም አይለቅም። በሌላ በኩል አሮማቴዝ ሊነካው አይችልም። በአንደኛው መንገድ የሄደ ሞለኪዩል በሌላኛው አይሄድም። በኋላ እንደምታዩት ይህች ጠባይ ለተመራማሪዎች ትልቅ መሣሪያ ሆናለች፤ «ሥራውን የሠራው አንድሮጅን ነው ወይስ ከእሱ የተገኘው ኢስትሮጅን (የኢስትራዲዮል ወገን)?» የሚለውን ጥያቄ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን በመስጠት መፈተን ይቻላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከቆለጥ የወጣው ቴስቶስትሮን በደም ተሳፍሮ ሁሉም ሕዋስ ደጅ ይደርሳል። አንድ ዓይነት ጣቃ ጨርቅ ለሁለት ልብስ ሰፊዎች ብትሰጡ አንዱ ሱሪ፣ አንዱ ሸሚዝ አድርጎ ይመልስላችኋል፤ እዚህም እንዲሁ ነው። አሮማቴዝ ያለው ሕዋስ ኢስትራዲዮል ያደርገዋል፣ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ ያለው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ያደርገዋል፣ ሁለቱም የሌለው እንዳለ ይጠቀምበታል፣ ተቀባይ ፕሮቲን የሌለው ደግሞ አይቶ እንዳላየ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አንጎል ውስጥ ስለሚሆነው የሚነግረን በጣም ትንሽ ነው። ዛሬ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1936 ካሮል ፋይፈር የሚባል ተመራማሪ ገና ለተወለዱ ሴት አይጦች ቆለጥ ተከለላቸው። ሲያድጉ እንቁላል መልቀቅ አልቻሉም። እንደተወለዱ የኮላሻቸው ወንዶች ላይ ደግሞ ኋላ ኦቫሪ ሲተክል፣ ኦቫሪው እንደ ሴት አካል ውስጥ እንዳለ ሠራ። ፋይፈር ለውጡ የደረሰው ከአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ነው ብሎ ደመደመ። ሙከራው ትክክል፣ መደምደሚያው የተሳሳተ ነበር። በ1952 ጄፍሪ ሃሪስና ዶራ ያኮብሶን የወንድ ፒቱታሪ ወስደው በሴት አይጥ ሃይፖታላመስ፣ ዕጢውን በሚያዘው የአንጎል ክፍል፣ ሥር ሲተክሉት ዕጢው የሴቷን ዑደት ያለ ችግር ማካሄድ ጀመረ። ፆታ የነበረው ዕጢው ውስጥ አልነበረም፤ ከበላዩ ሆኖ የሚያዘው አንጎል ውስጥ ነበር።

በመካከሉ በ1947 ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት የጥንቸል ፅንሶችን በማሕፀን ውስጥ እንዳሉ ኮላሸ። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ማድረግ ምን ያህል የእጅ ጥበብ እንደሚጠይቅ አስቡት። ቆለጣቸው የወጣላቸው ወንድ ፅንሶች የሴት የመራቢያ አካል ይዘው አደጉ። ይህ ስለ ብልትና ስለ ማሕፀን ነው፤ ለአንጎል ተመሳሳዩን ሐሳብ በግልጽ ያስቀመጠው ግን በ1959 የወጣው የፊኒክስ፣ የጎይ፣ የጄራልና የያንግ ጥናት ነው። እርጉዝ ጊኒ ፒጎችን ቴስቶስትሮን ወጉ። የተወለዱት ሴቶች አድገው፣ ኦቫሪያቸው ወጥቶ፣ የሴትን የስሪያ ጠባይ የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ሲሰጧቸው እንደሌሎች ሴቶች አልመለሱም። እንደ ወንድ መውጣታቸው ግን በረታ። ከዚህ የተወለደው ሐሳብ እስካሁን ዘርፉን ይመራል፦ ሆርሞን በሕይወት መጀመሪያ ላይ አንጎልን ያደራጃል፣ በጉልምስና ደግሞ ቀድሞ የተደራጀውን ይቀሰቅሳል። የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሲሠራ ግን ዘላቂ ነው።

ምን ያህል አጭር? አይጥ የምታረግዘው 22 ቀን ገደማ ነው። የወንዱ ፅንስ ቴስቶስትሮን በ18ኛው ቀን አካባቢ ሽቅብ ይወጣል፤ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደገና ይወጣል። ከውልደት በኋላ ወደ 10 ቀን ሲሆን መስኮቱ ተዘግቷል። በ1961 ቻርልስ ባራክላው የ5 ቀን ሴት አይጥን 1.25 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ፕሮፒዮኔት አንድ ጊዜ ብቻ ወጋት፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል አልለቀቀችም። አንድ መርፌ፣ አንድ ቀን። በጉልምስናዋ ያንኑ መጠን ብትወጓት ጊዜያዊ መረበሽ ሆኖ ያልፋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም «ቴስቶስትሮን ወንድ ያደርጋል» የሚለውን የሚደግፍ ይመስላል። ግን የሚቆረቁሩ ነገሮች ነበሩ። ኢስትራዲዮል ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ያውም በአነስተኛ መጠን። ከቴስቶስትሮን የበረታው አንድሮጅን ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ግን እንቁላል የመልቀቁን ሥርዓትም ሆነ የሴቷን የስሪያ ጠባይ ማጥፋት አልቻለም። ነገሩ የተገለበጠ ነበር፤ ብርቱው ሲያቅተው «የሌላ ፆታ» የሚባለው ይችላል። በ1971 ፍሬድሪክ ናፍቶሊንና ኬኔት ራያን ከባልደረቦቻቸው ጋር የፅንስ አንጎል ሕብረ ሕዋስ አንድሮጅንን ወደ ኢስትሮጅን እንደሚቀይር አሳዩ። አሮማቴዝ በኦቫሪና በእንግዴ ልጅ ብቻ የሚኖር ኢንዛይም አልነበረም፤ አንጎል የራሱ ነበረው። በአይጥ ሃይፖታላመስና አሚግዳላ በሚባለው ሌላ የአንጎል ክፍል ውስጥ በውልደት አካባቢ ሥራው ከፍ ይላል። በኋላ አሮማቴዝን የሚያግድ ወይም የኢስትሮጅን ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት ለጨቅላ ወንዶች ሲሰጥ፣ ቴስቶስትሮናቸው በደም ውስጥ እንዳለ፣ አንጎላቸው የሴትን ጠባይ ሳይሰርዝ አደገ። ቆለጡ ቴስቶስትሮን ይልካል፤ የአይጥን አንጎል የወንድ የሚያደርገው ግን በአብዛኛው እዚያው አንጎል ውስጥ የተሠራው ኢስትራዲዮል ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ኢስትራዲዮል አንጎልን የወንድ ካደረገ፣ ኢስትሮጅን በሞላበት ማሕፀን የሚያድጉት ሴት ፅንሶች ሁሉ ለምን ወንድ አልሆኑም? የእናት ደም፣ የእንግዴ ልጅ፣ ሁሉም ኢስትሮጅን ነው።

መልሱ አልፋ ፊቶፕሮቲን ነው። የፅንሱ ጉበት በብዛት የሚያመርተው የደም ፕሮቲን ሲሆን፣ በአይጦች ውስጥ ኢስትራዲዮልን አጥብቆ ይይዛል፤ ቴስቶስትሮንን ግን አይነካም። ከውጭ የመጣ ኢስትራዲዮል ደም ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ቴስቶስትሮን ግን ማንም ሳያስቆመው አንጎል ይገባና ውስጥ ከገባ በኋላ ኢስትራዲዮል ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት የጨቅላዋ ሙከራም የሚሠራው ለዚህ ነው፤ መጠኑ ከፕሮቲኑ የመያዝ አቅም በላይ ስለሆነ የተረፈው ያልፋል። ሐሳቡ ያምራል፤ ያማረ ሐሳብ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። አንዳንዶች ተቃራኒውን አሉ፦ ይህ ፕሮቲን በአንጎል ሕዋሳት ውስጥም ስለሚገኝ ኢስትራዲዮልን ከልካይ ሳይሆን አስገቢ ይሆናል፤ የሴት አንጎልም ሴት ለመሆን ያንን ኢስትራዲዮል ይፈልጋል። ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ።

ጁሊ ባከርና ባልደረቦቿ በ2006 የወሰኑት በአንድ ንጹሕ ሙከራ ነው። የአልፋ ፊቶፕሮቲን ጂን የሌላቸውን ትንንሽ የላብራቶሪ አይጦች (እስካሁን ካወራሁላቸው ትልልቆቹ የተለየ ዝርያ ናቸው) ወሰዱ። ፕሮቲኑ አስገቢ ከሆነ እነዚህ ሴቶች ኢስትራዲዮል ይጎድላቸዋል፤ ጠባቂ ከሆነ ደግሞ ይበዛባቸዋል። ሴቶቹ መካን ነበሩ፣ ለወንድ አይቆሙም፣ እንደ ወንድ ይወጣሉ። ያ ብቻ ግን ሁለቱን ሐሳቦች አይለይም፤ ተቃዋሚው «ኢስትራዲዮል ጎድሏቸው ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ እናቶቹ እርጉዝ ሳሉ አሮማቴዝን የሚያግድ መድኃኒት ሰጧቸው። ኢስትሮጅን እንዳይሠራ ሲደረግ፣ ጠባቂ ፕሮቲን የሌላቸው ሴት ልጆች የሴት ጠባያቸውን ይዘው አደጉ። ጉዳቱ ከመብዛት ነበር፤ ፕሮቲኑም ጠባቂ ነው። ለተማሪዎቼ የሙከራ አነዳደፍ ሳስተምር ይህን ጥናት የምመርጠው ለዚች ሁለተኛ እርምጃ ነው። የመጀመሪያውን ውጤት አይቶ መጮህ የሚያጓጓ ነበር።

እስካሁን ጠባይ ነው ያወራሁት። ሥጋው ላይስ ምን ይታያል? በ1978 የሮጀር ጎርስኪ ቡድን በአይጥ ፕሪኦፕቲክ አካባቢ፣ ከሃይፖታላመስ ፊት ለፊት፣ በወንዶች ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት አገኘ። ቀለም የተቀባውን ስስ ቁራጭ ወደ ብርሃን ከፍ ብታደርጉት ልዩነቱ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። እስከዚያ ድረስ የወንድና የሴት አጥቢ አንጎል በቅርጽ አይለያይም ብለው ያስተማሩ ሁሉ ቁራጩን በእጃቸው ይዘውት አልፈዋል ማለት ነው። ክምችቱ በሴቶች የሚያንሰው መጀመሪያውኑ ስላልተሠራ አይደለም፤ ሕዋሳቱ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ቀናት ስለሚሞቱ ነው። በወንዶች ውስጥ ኢስትራዲዮል ያድናቸዋል።

ቸኩላችሁ «ኢስትራዲዮል የነርቭ ሕዋስ ያድናል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከዚያው አጠገብ፣ እንቁላል የሚያስለቅቀውን የሆርሞን ማዕበል የሚያስነሣ ሌላ ክምችት አለ፤ ይህኛው በሴቶች ይበልጣል። እዚያ ኢስትራዲዮል ሕዋሳቱን ወደ ሞት ይመራል። ናንሲ ፎርገርና ባልደረቦቿ በ2004 ሕዋስ ራሱን እንዲገድል የሚያደርገውን ባክስ የተባለ ጂን ባጠፉባቸው ትንንሽ አይጦች ውስጥ በዚህ ክምችት የነበረው የሕዋስ ብዛት ልዩነት ጠፋ። ያው ሆርሞን፣ ያው አንጎል፣ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ አንዱን ያኖራል፣ አንዱን ይገድላል። ኢንዛይሙ ሆርሞኑን ካዘጋጀ በኋላም የመጨረሻው ቃል የሕዋሱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ማርጋሬት ማካርቲ ከተማሪዋ ጋር በ2004 ባወጣችው ሥራ በጨቅላ ወንዶች ፕሪኦፕቲክ አካባቢ ኢስትራዲዮል የሚሠራበትን መንገድ ተከታትላ አንድ የማይጠበቅ ሞለኪዩል ላይ ደረሰች፦ ፕሮስታግላንዲን ኢ2። ይህ ትኩሳትና ሕመም ሲያመን የሚበዛው፣ አስፕሪንና መሰሎቹ እንዳይሠራ የሚከለክሉት ነው። ኢስትራዲዮል ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኢንዛይም ያበዛል፤ ፕሮስታግላንዲኑ በነርቭ ሕዋሱ ቅርንጫፎች ላይ መልእክት መቀበያ ጥቃቅን እሾሆች እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ ወንዱ ከሴቷ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን እሾህ ይኖረዋል። ለጨቅላ ሴት ፕሮስታግላንዲኑን ብቻ አንጎሏ ውስጥ ስትጨምሩ፣ ያለ ምንም ኢስትራዲዮል፣ እሾሆቿ እንደ ወንዱ ይሆናሉ፤ ስታድግም እንደ ወንድ ትወጣለች። በተቃራኒው የኢንዛይሙን ሥራ በመድኃኒት ያገዱባቸው ወንዶች ሲያድጉ የስሪያ ጠባያቸው ደከመ። በ2013 ደግሞ በዚህ ሰንሰለት መሐል ማይክሮግሊያ፣ የአንጎል የመከላከያ ሕዋሳት፣ እንዳሉበት ታየ። ስለ ፆታ ስናጠና በሽታ መከላከያ ሥርዓት ውስጥ ገብተን ቁጭ አልን።

5-አልፋ ሪዳክቴዝንም ረሳሁት እንዳይባል። የወንድ አይጥ ብልት ሥር ያሉትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሱ የነርቭ ሕዋሳት የአከርካሪ ውስጥ ነርቭ ታችኛው ክፍል ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ማርክ ብሪድላቭና አርተር አርኖልድ በ1980 እንዳሳዩት ሴቶች ከእነዚህ የሚኖሯቸው ጥቂት ናቸው። እዚህ የኢስትራዲዮል ሚና አነስተኛ ነው፤ ሥራው የአንድሮጅኖች ነው፣ የሚጀምረውም ጡንቻው ላይ ነው። አንድሮጅን ጡንቻውን ከመጥፋት ያድነዋል፣ ጡንቻው ደግሞ ነርቮቹን ያተርፋቸዋል። ሲሊያ ሙር ታሪኩ ላይ የጨመረችው ነገር አለ። እናት አይጥ ወንድ ልጆቿን ከሴቶቹ አብልጣ ከጅራታቸው ሥር ትልሳቸዋለች፤ የምትለየው በጠረናቸው ነው። የማሽተት ችሎታዋ ሲዳከም መላሱ ይቀንሳል፤ ያነሰ የተላሱት ወንዶችም ሲያድጉ የእነዚያ ነርቮች ቁጥር ያንሳል። ሆርሞን ከውስጥ፣ የእናት ምላስ ከውጭ። «ተፈጥሮ ነው ወይስ አስተዳደግ?» ብሎ የሚከራከር ሰው ሲገጥመኝ ይችን ጥናት እነግረውና መንገዴን እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ሰው ልሻገር፤ እንዳልኩት አስታውቄያለሁ። የሰው አልፋ ፊቶፕሮቲን ኢስትራዲዮልን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይይዝም። የአይጡ ታሪክ ዋና ምሰሶ እዚህ የለም። በሰው የአሮማቴዝ ዋና የጥበቃ ሥራ ያለው አንጎል ውስጥ ሳይሆን የእንግዴ ልጅ ላይ ነው፤ ከፅንሱ የሚመጣውን ብዙ አንድሮጅን ወደ ኢስትሮጅን እየቀየረ እናትንም ፅንስንም ይጠብቃል። ይህን ያወቅነው ኢንዛይሙ ሲጎድል ነው። የአሮማቴዝ ጂኑ የማይሠራ ፅንስ ያረገዘች እናት ድምፅዋ ሊጎረንን፣ ፊቷ ላይ ፀጉርና ብጉር ሊወጣ ይችላል፤ ከወለደች በኋላ ይቀንስላታል።

በሰው ላይ ሙከራ አይሠራም፤ ተፈጥሮ ራሷ የሠራቻቸውን ጥቂት ሁኔታዎች ግን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። የመጀመሪያው፦ ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም፣ የወንድ የሚባለው ጥንድ፣ ኖሯቸው፣ ቆለጣቸው ቴስቶስትሮን እያመረተ፣ የአንድሮጅን ተቀባያቸው ፈጽሞ የማይሠራ ሰዎች። አሮማቴዛቸው ይሠራል፣ የኢስትሮጅን ተቀባያቸውም ደህና ነው። እንደ አይጥ ብንሆን ኖሮ አንጎላቸው የወንድ ይሆን ነበር። በተግባር ግን በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ያድጋሉ፣ ራሳቸውንም ሴት ይላሉ። ሁለተኛው የዚህ ግልባጭ ነው። በ1994 የኢስትሮጅን ተቀባዩ የማይሠራ የ28 ዓመት ወንድ በሕክምና ጽሑፍ ተዘገበ፤ ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ነበር፣ አጥንቱ እድገቱን መጨረስ አቅቶት አሁንም ይረዝም ነበር። ቀጥሎ አሮማቴዝ የሌላቸው ወንዶች ታወቁ፤ እነሱም ረጃጅሞች፣ አጥንታቸው የሳሳ። ወንድነታቸው ላይ ግን ጥያቄ አልነበራቸውም። ለአጥንታቸው ኢስትሮጅን አስፈልጓቸው ነበር፤ ራሳቸውን ወንድ ለማለት አላስፈለጋቸውም።

ሦስተኛው ብዙ የተጻፈበት ነው። ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሊ በ1974 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የሚጎድላቸውን ቤተሰቦች ገለጸች። ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ከሌለ የፅንሱ ውጫዊ ብልት የወንድ ቅርጽ በቅጡ አይዝም፤ ልጆቹ ሴት ተብለው ያድጋሉ፤ በጉርምስና ቴስቶስትሮን ሲበዛ ሰውነታቸው ወደ ወንድነት ይለወጣል። በ1979 ባወጣችው ዘገባ እንደ ሴት ካደጉት 18 ሰዎች 17ቱ ኋላ ራሳቸውን ወንድ ብለዋል። በፅንስነታቸው አንጎላቸውን የደረሰው ቴስቶስትሮን ነው ሥራውን የሠራው የሚል ትርጓሜ ተሰጠው። እኔ ግን ይህን ማስረጃ ብቻውን አልተማመንበትም። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ወንድ መሆንና ሴት መሆን የሚያስገኘው መብት እኩል ካልሆነ፣ ምርጫው የአንጎል ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የአንድሮጅን ተቀባይ የሌላቸውም ቢሆኑ ሴት ተብለው ነው ያደጉት። ሦስቱንም አብራችሁ ስታዩ ግን በሰው ላይ ሚዛኑ ከኢስትሮጅን ይልቅ ወደ አንድሮጅን ተቀባይ ያዘነበለ ይመስላል። በሪሰስ ጦጣዎች ላይ የተሠራውም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በማሕፀን ሳሉ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ያገኙ ሴቶች፣ ሆርሞኑ ወደ ኢስትሮጅን መቀየር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ እንደ ወንዶቹ መታገል የሚበዛበት ጨዋታ ተጫወቱ።

በአድሬናል ዕጢ የኢንዛይም ጉድለት ምክንያት በማሕፀን ብዙ አንድሮጅን ስላገኙ ሴት ልጆችም ትጠይቁኛላችሁ። በአሻንጉሊትና በጨዋታ ምርጫቸው ወደ ወንዶቹ ዘንበል ይላሉ፤ ይህ ደጋግሞ ታይቷል። አብዛኞቹ ግን ራሳቸውን ሴት ይላሉ። ከዚህ በላይ የሚጎትቱት ሰዎች ማስረጃውን ትተውት ነው የሚሄዱት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላስገባ። አንዱ ስለ መድኃኒት ነበር። አዎን፣ እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያግዱ መድኃኒቶች በየፋርማሲው አሉ። ሌትሮዞልና አናስትሮዞል አሮማቴዝን አግደው የጡት ካንሰር ያክማሉ። ፊናስተራይድ 5-አልፋ ሪዳክቴዝን አግዶ ለፕሮስቴትና ለፀጉር መመለጥ ይሰጣል፤ እርጉዝ ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ፊናስተራይድ እንዳትነካ የሚከለከለው፣ ፅንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱ አፈጣጠር ሊዛባ ስለሚችል ነው።

ሁለተኛውን ያነሣችው ከኋላ የተቀመጠች ወጣት ናት፦ «እስካሁን የነገሩን ሁሉ ወንድ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሴት ምንም ሳይደረግ የሚቀረው ናት ማለት ነው?» ዘርፉ ለብዙ ዓመታት የመለሰው «አዎን» ብሎ ነበር፤ የዦስት ጥንቸሎችም ያንን አስለምደውናል። ለአንጎል ግን መልሱ እየተለወጠ ነው። አሮማቴዝ የሌላቸው ሴት ትንንሽ አይጦች ላይ የተሠራው ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከጉርምስና በፊት ከራሷ ኦቫሪ የሚመጣ ኢስትራዲዮል ለሙሉ የሴት ጠባይ ያስፈልጋል። በ2015 ደግሞ የማካርቲ ቡድን በጨቅላ ሴቶች ፕሪኦፕቲክ አካባቢ የወንድነትን ጂኖች የሚዘጋ ሥራ ያለማቋረጥ እንደሚካሄድ አሳየ፤ ዲኤንኤው ላይ የሜቲል ምልክት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች ናቸው የሚሠሩት። ኢስትራዲዮል በወንዱ ውስጥ የሚያደርገው አንዱ ነገር እነዚህን ኢንዛይሞች ማዳከም ነው። ተመራማሪዎቹ ኢንዛይሞቹን በመድኃኒት ሲያግዱ ሴቶቹ አድገው እንደ ወንድ ወጡ፤ ያውም መድኃኒቱ የተሰጠው፣ ሁላችንም ተዘግቷል ብለን በምናስተምረው መስኮት ማዶ፣ ሆርሞን ቢሰጥ ምንም በማያደርግበት ዕድሜ ጭምር ነበር።